ሰው ይወደዋል የተባለው

አገሪቱ የት እንደሆነች አትጠይቁኝ። ባውቅም አልናገርም፤ እኔ ባልናገርም እናንተ አታጧትም። በአንድ ወንዝ የምትኖር አገር ነበረች ብል ይበቃል። ወንዙ ከተራራ ይወርዳል፤ በቦይ ይጠለፋል፤ ቦዩም መጀመሪያ የላይኞችን ማሳ፣ ቀጥሎ የታችኞችን ማሳ እያጠጣ ሄዶ ጥጉ ላይ ያልቃል። ያልቃል የምለው ሲደርስ ነው። ብዙ ጊዜ ግን መንገድ ላይ ቀርቶ ጥጉን ሳያይ ያልቅ ነበር።

የውሃውን በር ቁልፍ የሚይዘው ሰው የውሃ አባት ይባላል። አገሪቱ ንጉሥም ዳኛም የላትም፤ ሁሉም እሱ ነው። የሚመረጠው በየሰባት ዓመቱ ሲሆን ምርጫውም ሁለት ጊዜ ይደረጋል። በመጀመሪያ ላይኞች ለብቻቸው፣ ታችኞችም ለብቻቸው ተሰብስበው አንድ አንድ እጩ ያወጣሉ። ይህ የጓዳ ምርጫ ነው። ከዚያ ሁለቱ እጩዎች ድልድዩ አጠገብ ባለው ሜዳ በሕዝብ ሁሉ ፊት ይቀርባሉ። ያ ደግሞ የአደባባይ ምርጫ ይባላል። ታችኞች በአደባባዩ ምርጫ ሦስት ጊዜ ተከታትለው ተሸንፈዋል። ሃያ አንድ ዓመት መሆኑ ነው። በሃያ አንድ ዓመት ሰው ብዙ ነገር ይማራል፤ ታችኞች የተማሩት ግን የላይኞችን ፊት እያዩ ማደርን ብቻ ነበር።

በሌላ አገር ሰውን ወላዋይ ብትሉት ይጣላችኋል። እዚያ ግን ወላዋይነት ማዕረግ ነበር። የጓዳው ምርጫ አርባ ቀን ሲቀረው ሰው ሁሉ ልቡን ይጠይቃል። የቆረጠው ቁርጠኛ ተብሎ ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ዘወር ብሎ የሚያየው የለም። ያልቆረጠው ወላዋይ ተብሎ ይመዘገባል። ከአርባ ሰው በላይ መወላወል አይፈቀድም። አርባዎቹ በገበያው ዳር ባለው ብሳና ሥር በተሠራ ረጅም መደብ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቤቱ ለገበያው የቀረበ መጀመሪያ፣ የራቀ መጨረሻ። ምንጣፍ ይነጠፍላቸዋል፤ ቆሎ ይቀርብላቸዋል፤ እጩዎቹም እየመጡ ደጅ ይጠኗቸዋል። ሥራ ጠልተው ለመወላወል የሚሽቀዳደሙ ሰዎች ነበሩ ቢባል ሐሜት አይደለም።

የወላዋዮች ሹም ባሻ ዘገየ ይባላል። ሥራው ወላዋዮቹ በእውነት እየወላወሉ መሆናቸውን መጠበቅ ነው። በየጠዋቱ አርባዎቹ ሰዎች በፊቱ ቆመው ራሳቸውን ሦስት ጊዜ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነቀንቃሉ። ራሱን ወደ ታች ያደረገ እንደቆረጠ ይቆጠርና ከመደቡ ይነሣል። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ እንቅልፍ ጥሎት አገጩ ደረቱን ስለነካ ቁርጠኛ ተብሎ ተባረረ። ማንን እንደመረጠ ሲጠይቁት ራሱም አላወቀም፤ ባሻ ዘገየ ግን መዝገቡን አልሰረዘም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ባሻ ዘገየ ሌላም ሥራ ነበረው። እያንዳንዱን ወላዋይ "ምን ዓይነት ሰው ትሻለህ?" ብሎ ጠይቆ መልሱን ይጽፋል፤ የጻፈውንም በገበያ ቀን ያስነግራል። ለዚህ ሥራው ጥብቅ ደንብ ነበረው። ወላዋዩ ስለ ራሱ የተናገረው አይጻፍም። ስለ ሌላው ሰው የተናገረው ብቻ ይጻፋል። ይህን ደንብ ማንም በግድ አልጫነባቸውም። ያ ሕዝብ ይሉኝታ የሚያውቅ፣ አስተዳደጉ ያማረ ሕዝብ ነበር፤ "እኔ ይህን እፈልጋለሁ" ማለት እንደ ስግብግብነት ይቆጠር ነበር። ስለዚህ አንዱ ሲጠየቅ "እኔስ ግድ የለኝም፤ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ነው የሚወደው" ይላል። ሌላውም እንዲሁ። ሰው የተባለው ማን እንደሆነ ተጠይቆ አይታወቅም።

እንግዲህ ነገሬ ስለ ወይዘሮ እንጉዳይ ነው። እንጉዳይ ቤቷ ከቦዩ ጥግ፣ ከሁሉ በታች ነበር። ባሏ ሲሞት አሥራ አንድ የሎሚ ዛፍ ትቶላታል። ከዚያ ሌላ ያላት ነገር የለም፤ ሎሚውን ሸጣ ነው የምትኖረው። ውሃ በደንብ ከደረሳት ሁለት ክረምት አልፏል። ባለፈው ዓመት ብቻ አንድ ሰው ዶማውን ይዞ መጥቶ ሳይጠራ የቦዩን ደለል ጠርጎላት ዘጠኝ ቀን ውሃ አይታለች። በዚህ በጋ ካልጠጡ ዛፎቹ ይደርቃሉ። ይህን እሷም ታውቃለች፤ መንደሩም ያውቃል።

ዶማውን ይዞ የመጣው ሰው ጓንጉል ይባላል። በዚያ ዓመት በታችኞች ጓዳ ከቀረቡት ሁለት እጩዎች አንዱ እሱ ነበር። ሁለተኛው ልዑልሰገድ ነው።

ታዲያ እንጉዳይ ለምን ወላዋይ ሆነች? ልቧ ጓንጉልን ይወዳል። ነገር ግን ጓንጉል በአደባባይ ላይኞች ፊት ሲቆም በዓይነ ኅሊናዋ ታየዋለች፤ የፊት ጥርሱ ወልቋል፣ ሲናገር ይጮኻል፣ እግሩ ከጭቃ ተለይቶ አያውቅም። ይህን ስታስብ ልቧ ይከፈላል። ስለዚህ ሄዳ ተመዘገበች፤ አርባኛዋም እሷ ሆነች። ቤቷ ከሁሉ የራቀ ነውና በመደቡ ጫፍ ተቀመጠች።

ከጎኗ ሠላሳ ዘጠነኛው ወላዋይ ባንተይርጋ ተቀምጧል። ይህ ለአራተኛ ጊዜ ሲወላውል ነው። መንደርተኛው የወላዋዮች አለቃ ይለዋል፤ እሱም ስሙን አይጠላውም።

"አያ ባንተይርጋ፣ አንተስ ወዴት ነህ?" አለችው በመጀመሪያው ቀን።

"እኔማ እንደምታይኝ ነኝ" አለ ቆሎውን እየቆረጠመ። "ጓንጉል መልካም ልጅ ነው። የኔንም ቦይ ጠርጎልኛል። ሰው ግን አይወደውም።"

"ማን ነው የማይወደው?"

"ሰው ነዋ! አንቺ ደግሞ።"

እንደ ደንቡ እጩዎቹ እያንዳንዱን ወላዋይ በቤቱ ሄደው ይጠይቁታል። ጓንጉል እንጉዳይ ቤት የመጣው በቦዩ ውስጥ ለውስጥ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ደጃፍ ላይ ቆመ፤ ግባ ብትለው አልገባም።

"ቤትሽን አላቆሽሽም እትዬ" አለ። "ቦዩ ከሾላው በታች በደለል ተደፍኗል። አሥር ሰው ሦስት ቀን ቢቆፍር ይከፈታል። የላይኛው በር ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ለታች መከፈት አለበት። ውሃው ይበቃል እኮ፤ እኔ ለክቼዋለሁ።"

ከዚያ ወደ ሎሚዎቹ ሄዶ የአንዱን ቅርፊት በጥፍሩ ጫር አደረገና አሳያት። "ውስጡ ገና አረንጓዴ ነው። ጥር ሳያልቅ ከጠጣ ይተርፋል።"

"አይ ጓንጉሌ" አለች። "ላይኞች ፊት ይህን ሁሉ እንደዚህ እየጮህክ ልትናገረው ነው?"

"እና በምን ልናገረው እትዬ? ቀስ ብዬ ብናገር አንገታቸውን ደፍተው የሚሰሙኝ ይመስልሻል?"

እንደ ደንቡ "ምን ትሺያለሽ?" ብሎ መጠየቁን ረስቶት ሄደ። ባሻ ዘገየም ይህን እንደ ጉድለት መዘገበበት።

በማግሥቱ ልዑልሰገድ መጣ። በመንገድ መጣ፤ ጥላ ይዟል፤ ጫማው ያብረቀርቃል። በላይኞች ቤት አሥራ አንድ ዓመት ጸሐፊ ሆኖ ኖሯል። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣትና በረንዳው ላይ በቀረበለት ወንበር ተቀመጠ።

"ውሃ እንደሚያጥራችሁ ሰምቻለሁ" አላት። ለቀባሪ አረዱት ማለት ይሄ ነው፤ እንጉዳይ ግን ጨዋ ናትና አንገቷን ዝቅ አድርጋ አዳመጠች። "ላይኞች ክፉዎች አይደሉም። ጩኸት ነው የሚጠሉት። እኔ አልጮኽም። ምን ይሻሉ ወይዘሮ እንጉዳይ?"

"እኔማ ምን እሻለሁ! ሰላም ይስጠን እንጂ።"

ልዑልሰገድ ወደ ጓሮው ዞር አለ። "የምን ዛፍ ነው?"

"ሎሚ ነው ጌታዬ።"

"ደስ የሚል ጥላ አለው" አለ። ከዛፎቹ ላይ ቅጠል የሚባል ነገር የቀረው በጣት የሚቆጠር ነበር።

እሱ ከሄደ በኋላ እንጉዳይ ብዙ ቆይታ ዛፎቹን ስታይ ዋለች። ይህ ሰው ሎሚና ብሳና አይለይም ብላ አሰበች። ከዚያ ደግሞ አነጋገሩን አሰበች፤ ድልድዩ ሜዳ ላይ ቆሞ ታያት፤ ላይኞችም ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ ታያት። እንዲህ ያለው ነው የሚያሸንፈው አለች። ካላሸነፍን ደግሞ ውሃ የለም። ሐሳቡ ሲሄድ ቀጥ ያለ ነበር፤ ስሕተት የት ላይ እንደገባበት ዛሬም ተቀምጠው የሚከራከሩ አሉ።

ባሻ ዘገየ መዝገቡን ይዞ የመጣው የዚያን ሳምንት ዓርብ ነው።

"እሺ እንጉዳይ፣ ምን ዓይነት ሰው ትሺያለሽ?"

"እኔ እንኳን ቦዩን የሚያውቅልኝ ሰው ቢሆን ደስ ይለኛል። ሎሚዎቼ ሊደርቁብኝ ነው ባሻ።"

ባሻ ዘገየ ብዕሩን አላነሣም። "ይሄ ስላንቺ ነው። ሌላውስ?"

እንጉዳይ አፈረች። "ሌላው... ሰው እንግዲህ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ አለባበሱ ያማረ፣ ላይኞች የማይንቁት ሰው ነው የሚወደው።"

"እንዲህ በይ እንጂ!" አለና ጻፈው።

ቅዳሜ በገበያው አስነጋሪው ነጋሪቱን መታና አነበበ። "ሰው ሆይ ስማ! ሰው የሚሻው ቀስ ብሎ የሚናገረውን ነው! ሰው የሚሻው አለባበሱ ያማረውን ነው! ሰው የሚሻው ላይኞች የማይንቁትን ነው! ከአርባ ወላዋይ አርባዎቹ እንዲህ ብለዋል!" ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ከዚያ በኋላ ነገሩን የሚመልሰው አልተገኘም። ሰውም ይህን ሰምቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ "አላልኩህም? ሰው እኮ እንዲህ ነው" እየተባባለ ሄደ። እንጉዳይም የራሷን ቃል በአስነጋሪው አፍ ስትሰማው የሌላ ሰው ቃል መሰላትና ይበልጥ አመነችው።

የጓዳው ምርጫ ቀን ደረሰ። ሁለት ትልልቅ ቅል ተቀመጠ፤ አንዱ የጓንጉል፣ አንዱ የልዑልሰገድ። ለየሰዉ አንድ አንድ ባቄላ ይሰጠዋል። መጀመሪያ ቁርጠኞች ጣሉ። ተቆጠረ፤ ጓንጉል በሠላሳ ዘጠኝ ባቄላ በለጠ። ቁርጠኞቹ እንግዲህ ማንም ያልጠየቃቸው ሰዎች ናቸው። ቀጥለው ወላዋዮቹ በየተራቸው ተነሡ። አርባኛው ወላዋይ ከመጣሉ በፊት ቆጠራው ይነገራል፤ "የሚወላውልበት ነገር እንዳያጣ" ይላል ደንቡ።

ባሻ ዘገየ ባቄላውን ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ቆሞ ጮኸ። "ሠላሳ ዘጠኙም ወላዋዮች ልዑልሰገድ ቅል ውስጥ ጥለዋል! ሁለቱ እኩል ናቸው!"

ሁሉም ወደ መደቡ ጫፍ ዞረ። እንጉዳይ ባቄላዋን በእጇ ጨብጣ ተነሣች። ጓንጉል ራቅ ብሎ ቆሟል፤ በዚያ ቀን እንኳን እግሩን አልታጠበም። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ፈገግ አለላት፤ የወለቀው ጥርሱ ክፍተት ታየ። እሷም ያንን ክፍተት ነው ያየችው።

"አያ ባንተይርጋ" አለች በሹክሹክታ፣ "ምን ይሻለኛል?"

"ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ተሳስቶ አንቺ ብቻ ልክ ልትሆኝ ነው?" አላት ባንተይርጋ።

ሄዳ ልዑልሰገድ ቅል ውስጥ ጣለችው። እልልታው ቀለጠ።

ጓንጉል ዶማውን ካስደገፈበት አንሥቶ ወደ መጣበት ሄደ።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እንጉዳይና ባንተይርጋ አብረው ነበሩ። ከሾላው አጠገብ ሲደርሱ ባንተይርጋ ቆም ብሎ የተደፈነውን ቦይ አየና "እውነቱን ልንገርሽ እንጉዳይ" አላት። "እኔ ልቤ ጓንጉል ጋ ነበር።"

እንጉዳይ ክው አለች። "የኔም እኮ! ታዲያ ለምን እንዲያ አልከኝ?"

"ያንቺ ልዑልሰገድ ጋ መስሎኝ ነዋ። ላስከፋሽ አልፈለግሁም።"

በኋላ እየተጠያየቁ ሲያጣሩ ከአርባዎቹ አንድም ልቡ ልዑልሰገድ ጋ የነበረ ሰው አልተገኘም። እኔ ይህን ስሰማ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን ሳቄን ተውሁት።

ወር ሳይሞላ የአደባባዩ ምርጫ ሆነ። ላይኞች ያመጡት እጩ ጉድ የሚያሰኝ ነበር። እነሱም በጓዳቸው ተቀምጠው "እኛስ ግድ የለንም፤ ታችኞች ግን ጭቃ የረገጠ ሰው ካልሆነ አይወዱም" ተባብለው ኖሯል። ስለዚህ አንድ ለስላሳ ጌታ ጫማውን አስወልቀው፣ እግሩን ጭቃ ቀብተው አቆሙት። ጭቃው እንዳይደርቅ አንድ አሽከር ውሃ በገበታ ይዞ ከኋላው ይከተለዋል። ላይኞች ይህን ሲያዩ በራሳቸው ሰው አፈሩ። ልዑልሰገድን ሲያዩ ግን "ይሄ እኮ የኛው ነው" አሉ። ባቄላቸውንም ለእሱ ጣሉ። ልዑልሰገድ በላይኞችም በታችኞችም ባቄላ የውሃ አባት ሆነ።

ታችኞች ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ አሸነፉ። ሦስት ቀን ተዘፈነ። እንጉዳይ ድምፅዋ እስኪዘጋ እልል አለች፤ ከደስታዋ የተነሣ አለቀሰች። ደስታዋ እውነተኛ ነበር፤ ይህን አልነሣትም።

ታኅሣሥ አለፈ። ውሃ አልመጣም። ጥር ገባ። የሎሚዎቹን ቅርፊት በጥፍሯ ስትጭረው ውስጡ ቡናማ መሆን ጀምሯል። ጓንጉልን ፈልጋ ሄደች።

"ደለሉን ብቻዬን ጠርጌዋለሁ እትዬ" አላት። "ከሾላው እስከ ደጅሽ ቦዩ ክፍት ነው። በሩ ግን ተቆልፏል። ቁልፉ እኔ ጋ የለም።"

እንጉዳይ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ላይ ወጣች። መንገዱ የግማሽ ቀን ነው። ልዑልሰገድ ተቀብሎ አስቀመጣት፤ ውሃም በብርጭቆ አስመጣላት። እሷ ብርጭቆውን ይዛ ሳትጠጣ ነገሯን ነገረችው። አሥራ አንድ ዛፍ፣ የቀራቸውም ጥቂት ቀን። በሳምንት ሁለት ቀን ባይሆን አንድ ቀን። አንድ ቀን ባይሆን ግማሽ ቀን።

ልዑልሰገድ እስክትጨርስ አዳመጣት።

"ይገባኛል ወይዘሮ እንጉዳይ" አላት። "ነገር ግን ለእናንተ በሩን ብከፍት ላይኞች ምን ይላሉ? ለወገኑ አደላ ይላሉ። እንዲያውም የታች ሰው ስለሆንኩ ከቀደሙት ይልቅ በእናንተ ላይ ጠበቅ ማለት አለብኝ። ካልሆነ አያምኑኝም።"

"ይበሉ እንጂ! ቢሉስ?"

"ቢሉስ የሚል ሰው መርጣችሁ ቢሆን ይኸን ወንበር ጓንጉል ይቀመጥበት ነበር። እናንተ የመረጣችሁት ላይኞች የሚቀበሉትን ሰው ነው። ይኸው ተቀብለውኛል።"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት። በንቀት አልነበረም፤ የቆየ ጥያቄው ይመስል ነበር።

"እርስዎ ለምን መረጡኝ?"

"ሰው ይወድዎታል ብዬ።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉኝ። የወደደኝን አንድ ሰው ፈልጌ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።"

"እኔ የፈለግሁት ውሃ ነበር" አለች እንጉዳይ። "ውሃ ብቻ ነበር የፈለግሁት።"

"ቤትዎ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጠይቄዎት ነበር እኮ" አላት ልዑልሰገድ። "ሰላም ይስጠን ነው ያሉኝ።"

ተነሥቶ እስከ ደጅ ሸኛት። ሰው አክባሪ ነበር፤ ይህን ማንም አይክደውም።

ሎሚዎቹ ከየካቲት አላለፉም። እንጉዳይ መጥረቢያ ተውሳ አሥሩን ቆርጣ ለማገዶ ሸጠች። አሥራ አንደኛውን ግን ተወችው። ባንተይርጋ በዚያ ሲያልፍ የደረቀውን ዛፍ አይቶ ቆመ።

"ይሄን ለምን ተውሽው? የደረቀ ዛፍ ደጅ ላይ ማቆም ገደ ቢስ ነው ይባላል።"

"ይባል" አለች። "እኔ እንዲቆረጥ አልፈልግም።"

እንዲህ ያለ መልስ በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም። ባንተይርጋ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀና መንገዱን ቀጠለ።